የባሌስትራ ማጭዴ ከአንድ በጋ በኋላ

ማጭዱን የገዛሁት ባለፈው ጳጉሜ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ጥርስ የሌለው፣ ስለቱ በአንድ በኩል ብቻ የወጣ። ዋጋው ከውጭ ከሚገባው ስስ ጥርሳም ማጭድ እጥፍ ገደማ ነበር። ቀበና ግቢያችን ውስጥ አንዲት ላም ከነጥጃዋ አለች። ሣሩን የምናጭደው ከግቢያችን ቁልቁለትና ከጎረቤት ሰፊ ግቢ ነው። ካልበቃ የሱሉልታ ድርቆሽ መግዛት ነው፤ የግንቦት ዋጋውን ግን ባናነሳው ይሻላል።

ጥርሳሙ ማጭድ አዲስ ሲሆን እንደ ጉድ ይቆርጣል። ጥርሱ ካለቀ ግን አለቀ፣ ቤት ውስጥ የሚሳል ነገር አይደለም። ይሄኛው ሲዶለዱም በሞረድ ሳብ ሳብ ይደረጋል፣ ከዚያ በእርጥብ ድንጋይ ይሳላል፣ አለቀ። የሸጡልኝ አባት "ልጄ፣ ግራይንደር እንዳታስነካው" ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬው ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ስለት አይይዝም።

ጥርስ የሌለው ማጭድ ግን ሰዓት ይመርጣል። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ሣሩ ፈጥኖ ይቆረጣል። ረፋዱ ላይ ሲደርቅ ከስለቱ ፊት ይተኛል እንጂ አይቆረጥም። ስለዚህ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ድርቆሽ ሳጭድ ገና ሲነጋ ጀምሬ ሦስት ሰዓት ላይ አቆም ነበር። የቀረውን ፀሐይዋ ትጨርሰው። ማታ የኅዳር ጤዛ እንዳይመታው ሰብስቤ በሸራ እሸፍነዋለሁ፣ ጠዋት እበትነዋለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ በመንሽ እገለብጠዋለሁ። የደረሰ ድርቆሽ ጭብጥ አድርገው ሲጠመዝዙት ይንኮሻኮሻል፣ እጅ ላይም እርጥበት አይተውም። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከተከመረ ውስጡ ይግላል፣ ይሻግታል። ፀሐይ ላይ አብዝቶ ማቆየትም ደግ አይደለም። በተለይ ማገጥ (ባለ ሦስት ቅጠሉ የሜዳ ተክል) የበዛበት ሣር ቅጠሉ ይረግፍና ዘንጉ ብቻ ይቀራል። ላሟ የምትፈልገው ደግሞ ቅጠሉን ነው።

እጀታው ግን ቀሽም ነው። ሲሠራ እንጨቱ እርጥብ ነበር መሰለኝ፣ በጋው ሲገባ ደርቆ ተኮማተረና ብረቱ መነቃነቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ጭራሽ ተነቅሎ እግሬን ለጥቂት ሳተው። የብረቱን ጭራ በእሳት አግለን አዲስ የወይራ እጀታ ውስጥ ተከልነው። ከዚያ ወዲህ ፍንክች አላለም። ስትገዙ እንግዲህ የእጀታ ወጪም አስቡ።

ክብደቱም አለ፤ ስሱን የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ የእጅ አንጓውን ያመዋል። ግራኝ ከሆናችሁ ደግሞ የተደረደረውን አትግዙ፣ ስለቱ የወጣው ለቀኝ እጅ ነው። ስለቱን በሌላው ጎን እንዲያወጡላችሁ አስቀድማችሁ እዘዙ። ባለቤቴ ግራኝ ናት፤ ለመጪው ጥቅምት የሷን አዘናል፣ ያለ እጀታ።