በእጄ የቀጠቀጥኳቸው መሣሪያዎች፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከተሠራባቸው በኋላ

ሁለት ጉጠት፣ ጥቂት መብሻዎች፣ ቀዝቃዛ ብረት የሚቆርጥ አንድ መሮና አንድ መዶሻ። ብረት መቀጥቀጥን በትርፍ ጊዜዬ ከያዝኩ ወዲህ በራሴ እሳትና በራሴ ክንድ የሠራኋቸው መሣሪያዎች እነዚህ ናቸው፤ ከአንድ ዓመት በላይም አገልግለውኛል። አዲስ መሣሪያ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ያምራል። ማንነቱ የሚለየው ጫፉ ሲዶለዱም፣ አናቱ ሲደፈጠጥ፣ መጋጠሚያው ሲላላ ነው። ስለዚህ ይህን ግምገማ ለመጻፍ እስኪያረጁልኝ ጠብቄያለሁ።

ከጉጠቶቹ ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ የረካሁት በእነሱ ነውና። ሁለቱም የተሠሩት ከተራ ለስላሳ ብረት ነው፤ የካርቦን መጠኑ ከ0.2 በመቶ ብዙም የማያልፍ ዓይነት። ብዙ ጀማሪ ከጠንካራ አረብ ብረት የተሻለ ጉጠት የሚወጣ ይመስለዋል። ጉጠት ግን ቀኑን ሙሉ እሳት አፍ ላይ ሲግልና ውሃ ውስጥ ሲነከር ይውላል። ካርቦኑ ከፍ ያለ ብረት ቀልቶ ሳለ እንዲህ ከተነከረ ይደርቅና እንደ ሸክላ ይሰበራል። ለስላሳው ብረት ቢበዛ ይጎብጣል፤ የጎበጠን ደግሞ አግሎ ማቃናት የደቂቃ ሥራ ነው። የግንባታ ፌሮ ለጉጠት ሲመከር እሰማለሁ፤ ውፍረቱና ርዝመቱ በእርግጥም ይመቻል። ይሁን እንጂ የካርቦን መጠኑ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ከፌሮ የተሠራ ጉጠት ግሎ ሳለ ውሃ ባይነካው ይመረጣል።

የጉጠት ጥራት የሚለካው በመንጋጋው ነው። መንጋጋዎቹ የያዙትን ብረት ከጫፍ እስከ ሥር እኩል ካልነኩት፣ ብረቱ በእያንዳንዱ ምት ይዞራል፤ እጅም ያንን ለማካካስ ሲጨብጥ ውሎ ማታ ጣት አልዘረጋ ይላል። አንደኛውን ጉጠት ስሠራው ልኩን የወሰድኩት 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው አራት ማዕዘን ብረት ነበር። ከወራት በኋላ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ስሸጋገር በመንጋጋው ሥር ብቻ መያዝ ጀመረ፤ ጫፉ ተከፍቶ ይቀራል። መንጋጋውን አጋልኩት፤ የ16 ሚሊ ሜትሩን ቁራጭ በመካከሉ አስገብቼ መስፉ (ብረት የሚቀጠቀጥበት ወፍራም ብረት) ላይ በመዶሻ ዙሪያውን ቀጠቀጥኩት። አንድ ጊዜ ብቻ በማጋል ለአዲሱ ውፍረት ልኩን አገኘ። መንጋጋው ሲስተካከል እጀታዎቹ ከጭብጥ በላይ ተራርቀው ነበርና እነሱንም ከመጋጠሚያው በታች አግዬ ወደ ውስጥ አጎበጥኳቸው። ይህ ነው ለእኔ ትልቁ ነገር፦ በእጄ የሠራሁት ጉጠት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ሥራዬ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። የተገዛም ጉጠት እሳት ውስጥ ገብቶ ሊስተካከል ይችላል፤ እንዴት እንደተሠራ ያላየ ሰው ግን ለመድፈር ያመነታል።

መጋጠሚያውን የሚያያይዘው ሪቬት 10 ሚሊ ሜትር ነው። በጊዜ ብዛት ላልቶ መንጋጋዎቹ ወደ ጎን መንሸራተት ጀምረው ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጋጠሚያውን ከነሪቬቱ ማጋል፣ የሪቬቱን ራስ ጥቂት መምታት፣ ከዚያም ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጀታዎቹን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት። እያንቀሳቀሱ ካላቀዘቀዙት ነክሶ ይቀራል። እጀታዎቹን ወደ ጫፍ እያቀጠንኩ ስለሠራኋቸው ሲጨበጡ ትንሽ ይለጠጣሉ፤ ይህ የእጅን ድካም ምን ያህል እንደሚቀንስ ረጅም ሰዓት የሠራ ያውቀዋል።

መብሻዎቹ የተሠሩት ከመኪና ባሌስትራና ሞላ ነው። ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 5160 የሚባለው ወይም ለእሱ የቀረበ አረብ ብረት ነው፤ ወደ 0.6 በመቶ ካርቦንና ጥቂት ክሮሚየም አለው። በደንብ ይጠነክራል፣ ድንጋጤም ይችላል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚባክን ልፋት አለ። ትኩስ ብረት የሚበሳ መብሻ ጫፉ በሰከንዶች ውስጥ ራሱም ይግላል፤ በጥንቃቄ የተሰጠው ጥንካሬ ሁሉ ያኔ ይለቀዋል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ መብሻ በዘይት ነክሮ የማጠንከር ሥነ ሥርዓት ጥቅሙ አጭር ነው። ዕድሜውን የሚያራዝመው የአጠቃቀም ልማድ ነው፦ ሦስት አራት ጊዜ መትቶ ማውጣት፣ ጫፉ ሳይቀላ ማቀዝቀዝ፣ ቀዳዳው ውስጥ ቆንጠር አድርጎ የከሰል ዱቄት መጨመር፣ እንደገና መምታት። ዱቄቱ መብሻው ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ እንዳይቀር ይረዳል። ይህን ልማድ የያዘ ሰው የባሌስትራ መብሻ ብዙ ጊዜ ያገለግለዋል። ጫፉ ሲያብጥ ቀጥቅጦ መልሶ ማሾል ብቻ ነው።

አንዷን መብሻ የሠራኋት ከኤች 13 ነው፤ ወደ 5 በመቶ ክሮሚየም ከሞሊብዲነምና ከቫናዲየም ጋር የያዘ፣ ለትኩስ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ አረብ ብረት። ስትቀጠቀጥ እንቢተኛ ነበረች። በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ጥንካሬዋን ስለማትለቅ ግን እስካሁን ጫፏ እንደተሠራች ነው። አየር ላይ በመቀዝቀዝ ብቻ ትጠነክራለች፤ ግላ ሳለ ውሃ ከነካት ትሰነጠቃለች። ያላትን ጥቅም ብወደውም ለጀማሪ አልመክራትም፤ ባሌስትራ ይበቃል።

መሮው ሌላ ነገር ነው። ቀዝቃዛ ብረት የሚቆርጥ ስለሆነ ሕይወቱ በማጠንከርና በማለዘብ (ከጠነከረ በኋላ ደርቆ እንዳይሸረፍ እንደገና በመጠኑ በማሞቅ) ላይ የቆመ ነው። ብረት በ770 ዲግሪ አካባቢ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ እኔም ማግኔቱ አልይዝ ካለ በኋላ ጥቂት ጨምሬ አግዬ፣ ጫፉን ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሞቅ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ዘይቱ ሊነድ ስለሚችል የብረት ክዳን አጠገብ መኖር አለበት። ጫፉ ቀዝቅዞ የላይኛው አካል ገና ትኩስ ሳለ አውጥቼ፣ አንድ ጎኑን በድንጋይ ፈትጌ እስኪያበራ አጸዳሁት። ከዚያ መጠበቅ ነው። የተረፈው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲወርድ በጸዳው ብረት ላይ ቀለም እየተከተለ ይመጣል፦ መጀመሪያ የገለባ መልክ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከኋላው ሰማያዊ። የገለባው መልክ ወደ 220 ዲግሪ፣ ሐምራዊው ወደ 280 ዲግሪ መሆኑን ያመለክታል። ሐምራዊው ስለቱን በነካበት ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ነከርኩት። በገለባው ላይ ቢቆም ስለቱ ይሸረፍ ነበር፤ ሰማያዊው አልፎ ቢሄድ ደግሞ ቶሎ ይጣመም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ብሎንና ዘንግ ሲቆርጥ ከርሞ፣ ስለቱ አልፎ አልፎ ከመሳል በቀር ምንም አልጠየቀኝም።

አናቱ ግን ተደፍጥጧል፤ መደፍጠጥም አለበት። የመሮ አናት ሆን ተብሎ ለስላሳ ይተዋል፤ ጠንካራ ከሆነ መዶሻ ሲያርፍበት ስባሪው ወደ ዓይን ይፈናጠራል። ተደፍጥጦ ዙሪያውን ሲታጠፍም ያው አደጋ አለ፤ ስለዚህ ጠርዙ ማበብ ሲጀምር በመፍጫ ማሽን አነሳዋለሁ። መነጽር ሳያደርጉ መሮ የሚመቱ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰጋል።

ስለ ጥሬ ዕቃው ሁለት ነገር ልበል። አሮጌ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ዓመት ሲታጠፍ የኖረ ብረት ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ሲገጥመኝ ትንሽ ቁራጭ አግዬ ዘይት ውስጥ እነክርና ሞርሳ ላይ አስሬ እመታዋለሁ፤ ከተሰበረ የሚጠነክር ነው፣ ከታጠፈ ለጉጠት ይሁን እላለሁ። የተሰበረውም ገጽታ ይናገራል፤ ደቃቅና ግራጫ ከሆነ መልካም፣ ሻካራና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከመጠን በላይ ግሏል። ዚንክ የተቀባ ብረት ግን እሳቴ አጠገብ አይደርስም። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ የመቀጥቀጫ ሙቀት ከዚያ በላይ ነው፤ ጭሱን የተነፈሰ ሰው በብርድና በትኩሳት ይያዛል።

መዶሻው ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከሁሉም ያደከመኝም እሱ ነው። ያን የሚያህል ብረት በደንብ ማጋልና በልኩ መብሳት ለብቻው ለሚሠራ ሰው ከባድ ነው። የእጀታው ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ከሁለቱም አፍ ሰፋ፣ ከመካከሉ ጠበብ ማለት አለበት፤ እንጨቱ ከላይ ሽብልቅ ሲገባበት ተስፋፍቶ የሚነክሰው በዚህ ምክንያት ነው። በደረቅ ወራት እንጨቱ ኮስሶ የመዶሻው ራስ ላልቶ ነበር፤ ሽብልቁን ጠለቅ አድርጌ እጀታውን የተልባ ዘይት ቀባሁት። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ በራሱ ሊነድ እንደሚችል መታወቅ አለበት፤ ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ በእውነት ልመስክር፦ ፊቱ በመጠኑ ጎበጥ ተደርጎ የተሞረደ የተገዛ መዶሻ ከእኔው እኩል ይሠራል። መዶሻ መሥራት የሚያስደስት ትምህርት ነው፤ መጀመሪያ መሠራት ያለበት መሣሪያ ግን አይደለም። ሞረድን ደግሞ መግዛት ይሻላል፤ ጥርሱን ለማውጣት የሚጠፋው ጊዜ ለብዙ ጉጠት ይበቃል።

ለሚጀምር ሰው መሮ ይቅደም፤ ከዚያ ጉጠት ይከተል። የመጀመሪያውን ጉጠት ያለ ጉጠት መሥራት ይቻላል፦ ክንድ የሚያህል ወይም ከዚያ የሚረዝም ዘንግ በአንድ እጅ ይዞ፣ መንጋጋውንና መጋጠሚያውን ጫፉ ላይ ቀጥቅጦ መጨረስ። ዘንጉ ለእጀታ ከሚበቃው በላይ ከሆነ ትርፉን በአዲሱ መሮ መቁረጥ ነው።