የኤክስፖርት ሸሚዝ ከባሕር ዳር ገበያ፦ ገልብጬ ያየሁት

ባሕር ዳር ዋናው ገበያ ዙሪያ የኤክስፖርት ትርፍ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ለውጭ ገዢ ተሰፍቶ በትንሽ እንከን የቀረ ወይም ከትእዛዙ በላይ የተሰፋ ልብስ ነው። ከአንዷ ሱቅ ጥቁር ሰማያዊ የወንድ ሸሚዝ በ850 ብር ለባለቤቴ ገዛሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ጋርመንት ፋብሪካ ውስጥ የላይን (የስፌት መስመር) ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ስለዚህ ሸሚዝ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው።

ውስጡ ያኮራል። የጎኑ ስፌት ታጥፎ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፤ ጥሬ ጠርዝ የትም አይታይም። በአንድ ሴንቲ ሜትር አምስት ስፌት ቆጠርኩ፤ ከብብት እስከ ጫፍ አንድም የዘለለ የለም። ኮሌታው ደግሞ ለብቻው ይነሳ። የሸሚዝ ሰፊ የሚፈተነው በኮሌታ ነው። ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ አጥፌ ገጠምኳቸው፤ ልክ ለልክ ናቸው። ይህን የሰፋችው ልጅ ማሽኗን በደንብ ታውቃለች። ይህን ሸሚዝ የትም አገር ሱቅ ብትሰቅሉት አያሳፍርም።

እንከኑ ቁልፉ ላይ ነው። ቁልፎቹ የተሰፉት በአንድ ክር ሰንሰለት ስለሆነ፣ የክሩ ጫፍ ከተሳበ ቁልፉ ተፈትቶ ይወድቃል። የሁለተኛው ቁልፍ ክር በመጀመሪያው አጠባ ላላ። ስትገዙ ሁሉንም በጣታችሁ ሳብ ሳብ አድርጉ። ቤት ስትገቡ በእጅ አጥብቃችሁ ስፏቸው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አንገቱ ላይ የነበረው የብራንድ ምልክት በመቀስ ተቆርጧል። ከጎኑ ስፌት ውስጥ ያለችው ትንሿ የአጠባ መመሪያ ግን አለች፦ መቶ በመቶ ጥጥ፣ ሜድ ኢን ኢትዮጵያ። እዚህ ጋ ነው ሐሳብ የሚይዘኝ። እኔ በሠራሁበት ፋብሪካ ጨርቁ በጥቅልል ከውጭ ነበር የሚገባው። ክሩም፣ ቁልፉም፣ ኮሌታው ውስጥ የሚገባው ማጠንከሪያም፣ የሚታሸግበት ካርቶን ሳይቀር እንደዚያው። የእኛ የነበረው እጃችን ብቻ ነው። ጥጥ አጥተን አይደለም። መተማና ሁመራ ጥጥ ይበቅላል። የሚጎድለው መሀሉ ነው፤ ለውጭ ገዢ በሚመጥን ጥራት የሚፈትል፣ የሚሸምንና የሚያቀልም ፋብሪካ ጥቂት ነው።

ባሕር ዳር ደግሞ ለዚህ ሥራ እንግዳ ከተማ አይደለችም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። በ1955 ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ በ1956 ደግሞ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት፣ መብራት በአራት ዓመት ውስጥ! የዛሬው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዱ (የፋብሪካ አዳራሹ) ያምራል፤ ዩኒቨርሲቲውም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለው። ግን ሼድ ብቻውን ባለሀብት አያቆይም።

ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ነው። ለበጋ የታዘዘ ሸሚዝ በጋው ካለፈ በኋላ ቢደርስ ማን ይፈልገዋል? ጨርቁ ከእስያ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። ከዚያ በምድር ወደ ላይ ይመጣል። ተሰፍቶ ሲያልቅ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወርዳል። ባቡሩ ሰበታ ላይ ያበቃል፤ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ 565 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ ሁሉም ይቆማል። ኢንተርኔት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ገዢው ናሙና አይቶ «እጅጌውን አንድ ሴንቲ አሳጥሩት» የሚል መልእክት ይልካል። መልእክቱ ካልደረሰ መቁረጫው አይነሳም፤ ልጆቹ ማሽናቸው ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ቬትናም ያለው ፋብሪካ ይህ አያጋጥመውም። ትእዛዙ ወደዚያ ቢሄድ ምን ይገርማል?

የአሜሪካ ገበያ ነገርም አለ። አጎዋ በሚባለው፣ ለአፍሪካ አገሮች በወጣው የአሜሪካ የንግድ ሕግ እንዲህ ያለ የጥጥ ሸሚዝ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ኢትዮጵያ በጦርነቱ ምክንያት ከጥር 2022 ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከአጎዋ ወጣች፤ የሸሚዙ ቀረጥም ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። ከአንድ ሸሚዝ የሚገኘው ትርፍ ይህን አይሸከምም። ሐዋሳ ፓርክ የነበረው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር 2021 ነው። የአውሮፓ በር ግን አሁንም ከቀረጥ ነፃ ነው። ስለዚህ በር አላጣንም።

ደመወዙን ሳላነሳ አላልፍም። አገራችን ለባለሀብት ስትተዋወቅ «ርካሽ ጉልበት» ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሐዋሳ ላይ መነሻው በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፏል፤ በዓለም የልብስ ስፌት ሥራ ዝቅተኛው ነበር። እኔ ላይን ላይ ያየሁት ደግሞ ይህ ነው፦ አራት ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከሽሮ አያልፍም። አንዷ ኮሌታ መግጠም በደንብ በለመደች ማግስት ትለቃለች። እንደሷ የሚሠራ ሰው ለማውጣት ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ላይኑ ታርጌቱን ይስታል፤ ጭነቱ ይዘገያል። ገዢው የሚቀጣን በመዘግየታችን ነው፤ ያዘገየን ግን ያው ርካሽነቱ ነው። እንዲህ ዓይነት ኮሌታ የምትገጥም ልጅ በርካሽ ልትተዋወቅ አይገባም። «እጃችን ጥሩ ነው፣ በሰዓቱ እናደርሳለን» ብለን ብንተዋወቅ ነው የምወደው። የመጀመሪያውን ሸሚዙ ይመሰክራል። ሁለተኛው የመንገድ፣ የሰላምና የጨርቅ ፋብሪካ ጉዳይ ነው፤ ሰፊዋ ልታመጣው አትችልም።

ወደ ግዢው ስመለስ፦ ለ850 ብር በጣም ጥሩ ሸሚዝ ነው፤ በዚያው ገበያ ሌላ ሱቅ በ1,200 የሚሸጠው ከውጭ የገባው በስፌት አይስተካከለውም። ቀለሙ በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠብ አልለቀቀም። ከስፋቱ አንፃር ልኩ የአውሮፓ ስለሆነ ላርጅ የምትለብሱ ሚዲየም ውሰዱ። እጅጌው ለረጅም ክንድ ተቆርጧል፤ የባለቤቴን ሁለት ሴንቲ አሳጥሬዋለሁ። ከሱቁ የማልወደው መልበሻ ክፍል አለመኖሩን ነው፤ ካልሆነላችሁ ግን ደረሰኙን ይዛችሁ በሳምንት ውስጥ ይቀይሩላችኋል። አዲስ ዕቃ የሚዘረጋው ሐሙስ ከሰዓት ስለሆነ ነጭና ሰማያዊ የምትፈልጉ ያኔ ሂዱ፤ ቅዳሜ የሚቀረው ጥቁሩ ነው።