ሲንስ ወይስ ፎር? ኢንተርቪው ላይ የቱ ይሻላል

ሁለቱም የእንግሊዝኛ ቃላት (since እና for) ስንት ጊዜ እንደቆየን ነው የሚናገሩት፣ ግን ሲንስ የጀመርንበትን ቀን ይፈልጋል፣ ሲንስ 2018፣ ፎር ደግሞ የቆየንበትን ልክ፣ ፎር ፋይቭ ይርስ። የሚያሳስተን አማርኛችን ነው፤ «ከ5 ዓመት ጀምሮ» ስለምንል ቀጥታ ገልብጠን «ሲንስ ፋይቭ ይርስ» እንላለን። እኔ ራሴ ኢንተርቪው ላይ ብዬው ሰውዬው «ሲንስ ዌን?» ሲለኝ ደንግጬ ቀረሁ።

ቅለት፦
ሲንስ፦ ሃቭ አብሮት ይምጣ፣ «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ሲንስ 2018»፣ «አይ ወርክ ሂር ሲንስ» አይሆንም።
ፎር፦ ያለ ሃቭም ይሄዳል፣ ግን «አይ ወርክድ ዜር ፎር ፋይቭ ይርስ» ካላችሁ ስራውን ለቃችኋል ማለት ነው፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ሪስክ፦
ሲንስ፦ የኛ ካላንደር አለ እኮ! በኛ 2010 ስራ የገባ ሰው ለፈረንጅ ሲንስ 2010 ካለ ሳያውቀው 7 ወይ 8 ዓመት ልምድ ጨመረ።
ፎር፦ ይሄ ጣጣ የለበትም።

እና ሲቪ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ካላንደር ቀይራችሁ ከሆነ ሲንስ ጥሩ ነው፣ በአፍ በችኮላ ከሆነ ፎር ያድናችኋል፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ» ለማለት ግን ሲንስ ነው፣ «ሲንስ አይ ወዝ ኤ ቻይልድ»፣ ፎር እዚያ አይገባም።