እናቴን ፏፏቴ ላሳየልኝ የኢንጅባራ ልጅ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም ኢንጅባራ አካባቢ የሚያዞራችሁ ሰው ካስፈለጋችሁ ይህን ልጅ እንዳታልፉት። በእናታችሁ።

በመጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየውን ልተንፍስ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ዳንግላ ገጠር ተወልዳ በ14 ዓመቷ ነው አዲስ አበባ ዘመድ ጋር የመጣችው። ልጅ ሆና ውሃ የምትቀዳበት ቦታ ትንሽ ፏፏቴ ነበረው። «የውሃ ድምፅ አንዴ ሰምቼ ብሞት ግድ የለኝም» ትላለች። ነገር ማጋነን ትወዳለች፣ ምን ላድርጋት።

አምና አንድ የእግር ጉዞ የሚያዘጋጅ ቡድን አገኘሁ። ስማቸው ይቅር። ማስታወቂያው «ቀላል መንገድ፣ ለሁሉም ዕድሜ» ይላል። ለሁለታችን ከፍዬ ሄድን። ቀላል የተባለው ነገር ዳገት ሆኖ አረፈው። ገና ከመጀመራችን አስተባባሪዋ እማዬን «እናትዬ፣ እዚህ ጥላው ስር ይቆዩን፣ አሁን እንመለሳለን» አለቻት። አሁን ማለት ከሦስት ሰዓት በላይ ነበር። እኔም አብሬያት ቁጭ አልኩ። የያዝነው አንድ ሃይላንድ ውሃ አለቀ። ተካቷል የተባለው ምሳ ሁለት ሳምቡሳ ሆነ። ሲመለሱ ፎቷቸውን እያሳዩን ይስቃሉ። ግማሽ ገንዘቤን መልሱልኝ ብል «እናትሽን ይዘሽ መምጣት አልነበረብሽም» አሉኝ። እማዬ ሰምታለች። ቤት እስክንደርስ ከአፏ ቃል አልወጣም።

ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ቦታ፣ በአንድ ዋጋ የተስማማን አስጎብኚ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ የጥበቃ ምናምን እያለ እጥፍ ጠየቀን። እሱስ ይሁን፣ ገንዘብ ነው። ያችኛዋ «እናትሽን» የምትለዋ ግን እስከዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ዘመድ ልንጠይቅ ባሕር ዳር ሄድን። የአክስቴ ልጅ «ኢንጅባራ አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ እማማን እሱ ያሳያቸው» አለ። እኔ በሆዴ «ደግሞ ሌላ ሌባ» ብያለሁ። ይቅር ይበለኝ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን (እናንተም ሳትጠይቁ እንዳትነሱ) 120 ኪሎ ሜትር ገደማውን በጠዋት ጨረስነው።

ልጁ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ዋጋውን መኪና ውስጥ ሳይገባ ነገረን፤ እስከመጨረሻው አልቀየረውም። መጀመሪያ ዘንገና ሐይቅ ወሰደን። ስለ እሳተ ገሞራ፣ ሐይቁ እንዴት ክብ ሆኖ እንደቀረ በደንብ አስረዳን። ግማሹ አልገባኝም። እማዬ ግን ጎበዝ ተማሪ መስላ ራሷን ትነቀንቃለች።

ከዚያ ወደ ፏፏቴው። የእግር መንገዱ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ በተተከለበት ማሳ መሀል ይጀምራል። እዚያ አገር ገበሬው ዛፉን እንደ ሰብል ይተክለዋል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስለውና መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። አየሩ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል። እሱን እንዳለፋችሁ ጥዱና ኮሶው ይመጣል፤ ፀሐይዋ ትጠፋለች፤ ብርድ ይላል። ሜዳ ነው ማለት ይቻላል፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ትንሽ ቁልቁለት አለው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አሥር ደቂቃ እንደሄድን ልጁ ቆመ። «ኧረ እናቴ፣ እኔ ደከመኝ። እስቲ ትንሽ አረፍ እንበል» አለ። ድንጋይ አገኘላት፣ ጃኬቱን አነጠፈላት፣ እሱ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ከብት ከሚጠብቁ ልጆች ጋር በአገውኛ ተቀላለደ። ተነሳን። ትንሽ ሄደን ደግሞ «ዛሬስ ምን ነክቶኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ» አለ። እኔ ተናደድኩ። አስጎብኚ ተብሎ እንዴት ነው እንደዚህ የሚደክመው? በሦስተኛው ግን ነቃሁ። ከመቆሙ በፊት ዞር ብሎ የእማዬን እግር ነው የሚያየው። ቀኝ እግሯን መጎተት ስትጀምር ይደክመዋል።

እናቴን አታውቋትም። ብትሞት ደከመኝ አትልም። በተለይ ካለፈው ዓመት በኋላ። ይሉኝታ ይዞኝ ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ለእሱም አልነገርኩም። ከየት አወቀው? ማን አስተማረው? ብዙ የተማሩ ሰዎች ዘንድ ያጣሁትን ነገር ጥዱ ስር አገኘሁት።

ፏፏቴው ትንሽ ነው። ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ይስቅ ይሆናል። ያኛው 45 ሜትር ገደማ ነው የሚወረወረው፣ ይህ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ቢያህል ነው። አገሬውም ፏፏቴው ነው የሚለው፣ ሌላ ስም ሲጠራ አልሰማሁም። ግን ማንም የለም። የሚገፋ የለም፣ የሚለምን የለም፣ ውሃው ብቻ ነው የሚያወራው። ከፊቱ ያለው ድንጋይ ሙልጭልጭ ስለሚል ልጁ ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ቆመና ትከሻውን ሰጣት። እማዬ ተደግፋው ተሻገረች። ነጠላዋ እርጥብ ሆነ። ፊቷን ታጠበች፣ ክንዷን ታጠበች፣ ከዚያ ዝም ብላ ቆመች። ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት።

ስንመለስ ባዶውን ሃይላንድ ተቀብላኝ ውሃ ሞላችበት። «ጠበል ነው እንዴ?» አልኳት። «ለእኔ ጠበሌ ነው» አለች። አሁን ጠርሙሱ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። ማንም እንዲነካው አይፈቀድም።

በመልሱ መንገድ እማዬ ራሷ ቆመች። «ልጄ፣ አሁንስ አልደከመህም?» አለችው። «ኧረ ደክሞኛል እናቴ» አለ። «እንግዲያው እኔ አልደከመኝም፣ ቀስ እያልክ ተከተለኝ» ብላው ከፊታችን ሄደች። ያኔ ነው እሷም ቀድማ እንደነቃችበት የገባኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

ሂሳብ ስከፍለው መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ። ጉርሻ ጨመርኩለት፣ አልተግደረደረም፣ ተቀበለ። ደስ አለኝ፤ ሥራው ነው። «ጥር 23 ኑ፣ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ታያላችሁ» አለን። እማዬ ከአሁኑ ቀን እየቆጠረች ነው።

ወላጅ ያላችሁ፣ ጉልበቱን የሚያመው ዘመድ ያላችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ መሄድ የምትፈልጉ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ያዙት። ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ የማያውቀው ሰው እየደወለ አስቸግሮታል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ብትሄዱ ውሃው ሙሉ ነው፣ አደዩም አይጠፋም። የሚያዳልጥ ጫማ አታድርጉ። ደግሞ ደከመኝ ካላችሁ እንዳታምኑት።