ጅማ ለዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ትቀርባለች

ርቀቱን ስልኬ ላይ ስለካው ሳቄ መጣ። ከዋሽንግተን ደለስ እስከ ጅማ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በ60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጅማ ወደ ምዕራብ ስላለች ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ በርሬ ከቤቴ አሳልፈው ያወርዱኛል፤ ወደኋላ መመለሱ የራሴ ጣጣ ነው።

ስልኩ የበረራውን ጊዜም ነገረኝ፤ 13 ሰዓት። እኔም ሞኙ ለእማዬ ደውዬ «አሥራ ሦስት ሰዓት ብቻ» አልኳት።

ትልቁ በረራ ቃሉን ጠበቀ። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ከደለስ ተነስተን በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ አረፍን። ጉድ የሠራኝ አሜሪካ ያለው ትኬት ቆራጭ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የአገር ውስጡን ለብቻ ቆርጦ በመሃል 2 ሰዓት ብቻ ተወልኝ። ቦሌ ግን የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ከዚያ ሻንጣውን እንደገና ማስመዘን አለ። እኔ ገና ጉምሩክ ቆሜ የጅማው አውሮፕላን ሄደ። ትኬቱ ለየብቻ ስለሆነ ኪሳራው የኔ ሆነ። ለማግስቱ ሌላ ገዝቼ አዲስ አበባ አደርኩ። ማታ እማዬ ደወለች። «አሥራ ሦስቱ ሰዓት አላለቀም እንዴ ልጄ?»

ለጅማው በረራ ግን እንከን አይወጣለትም። ባለ ፕሮፔለሯ አውሮፕላን 260 ኪሎ ሜትሩን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰችው። ከአባ ጅፋር አየር ማረፊያ ስወጣ የባጃጁ ሹፌር ሻንጣዬን አየና የዳያስፖራ ዋጋ ጠራ። በኦሮምኛ ሰላም ስለው ሳቀና ግማሹን ቀነሰ።

ስመለስ እህቴ በመኪና ልሸኝህ አለችኝ። በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣት፣ ወልቂጤ ምሳ፣ ወሊሶ ቡና። ንጋት 12 ሰዓት ተነስተን አዲስ አበባ ስንገባ 9 ሰዓት ሆነ። ቢሆንም አልቆጨኝም፤ ከእህቴ ጋር እንደዚያ ካወራን ስንት ዘመናችን!

ወደ አሜሪካ ስትመለሱ ደግሞ በ13 ሰዓት እንዳትሸወዱ። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመንገዱ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ነፋሱም ከፊት ነው። የኔው 17 ሰዓት ገደማ ፈጀ።

የጅማ ማር የምትይዙ ክዳኑን በፕላስተር አሽጉት። የእማዬ ማር ዋሽንግተን የደረሰው ሸሚዞቼ ላይ ነው።