በስሌቱ አይታማም፣ በናሙናው እንጂ፦ የጎንደር የአፈር ምርመራ አገልግሎት

ጎንደር ውስጥ ለጂ+1 እና ለጂ+2 ቤት የሚሠራው የአፈር ምርመራ ብዙ ጊዜ ሁለት የሙከራ ጉድጓድ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና አጭር ሪፖርት ነው። አፈሩ ምን ያህል ይሸከማል የሚለው ስሌት ላይ እንከን ማውጣት ይከብዳል። የሸር ጥንካሬው (ተንሸራቶ እንዳይሰበር የሚቋቋምበት አቅም) 50 ኪሎ ፓስካል የሆነ ዋልካ ላይ ጎኖቹ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ፉቲንግ (የኮለኑ መሠረት) ሲያርፍ፣ አፈሩ የሚሰበርበት ጫና በተለመደው የቴርዛጊ ቀመር 1.3 × 5.7 × 50፣ ማለትም 370 ገደማ ይመጣል፤ ለደህንነት ለ3 ሲካፈል 123 ኪሎ ፓስካል። 400 ኪሎ ኒውተን ለሚያወርድ ኮለን 1.8 በ1.8 ሜትር ልክ ይበቃዋል።

ጥያቄው 50ው ከየት መጣ ነው። ጉድጓዱ በመጋቢት ከተቆፈረ ዋልካው እንደ ጡብ ደርቋል። ክረምቱን ጠጥቶ ጥንካሬው ወደ 25 ቢወርድ ያው ኮለን 2.55 ሜትር ፉቲንግ ይፈልጋል። ስለዚህ ናሙናው በውሃ ተነክሮ እንዲፈተን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ካልሆነ ቁፋሮው መስከረም ላይ ይሁን።

ሁለተኛው ጉድለት ሪፖርቱ አንድ ቁጥር ጽፎ የተጣራ ይሁን ጠቅላላ ሳይል ዝም ማለቱ ነው። 123ው የተጣራ ነው፤ ከፉቲንጉ ግርጌ በላይ ያለው አፈር ክብደት አልተደመረበትም። የ1.5 ሜትር አፈር ክብደት (በሜትር ኩብ 17 ኪሎ ኒውተን ሲባዛ 25.5) ከተጨመረበት 149 ይሆናል። መሐንዲሱ 149ን የተጣራ መስሎት ፉቲንጉን 1.65 ሜትር ቢያደርገው የደህንነቱ መጠን ከ3 ወደ 2.5 ይወርዳል።

የሰሌዳ ጭነት ሙከራ (ትንሽ የብረት ሰሌዳ አፈሩ ላይ አሳርፎ መጫን) ብቻውን ገንዘብ አያዋጣም። 30 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ የሚነካው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ነው፤ 1.8 ሜትር ፉቲንግ ግን እስከ 3.6 ሜትር ይጫናል።

የእብጠት ሙከራ በምርመራው ጥቅል ውስጥ ከሌለ ጨምሩበት። ነፃ እብጠቱ (ጫና የሌለበት የአፈር ዱቄት ውሃ ውስጥ የሚያብጠው) ከ50 በመቶ ካለፈ ችግሩ መሸከም ሳይሆን መነሳት ነው፤ ቀላል ቤት ደግሞ ቶሎ ይነሳል። እዚህ ላይ ፉቲንግ ማስፋት ጫናውን አቅልሎ እብጠቱን ያግዛል። ዋልካውን አውጥቶ በማያብጥ ሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ የሙሊት አፈር) እየጠቀጠቁ መሙላት ይሻላል፤ በአሸዋ መተካት ግን ጉድጓዱን የውሃ ገንዳ ያደርገዋል።

ተዳፋቱ ላይ «አለት ተደርሷል» የሚል መስመር ሲነበብ ጠርጥሩ፤ ተንከባሎ የመጣ ቋጥኝ ሊሆን ይችላል። ግማሹ ፉቲንግ አለት፣ ግማሹ ዋልካ ላይ ካረፈ ግድግዳው በመሃል ይሰነጠቃል።

ወደ አዘዞ ባለው ሜዳ ለሚሠራ ሙሉው ምርመራ ያዋጣል። ባዛልቱ (ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት) ፊት ለፊት በሚታይበት ኮረብታ ላይ ግን በየማዕዘኑ ጉድጓድ አስቆፍሮ ለመሐንዲስ ማሳየት ለአንድ ፎቅ ይበቃል።