ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ለመራን ወንድማችን

ከአልዩ አምባ ቆላ ተነስታችሁ የአንኮበርን ዳገት በአንድ ቀን በእግር መውጣት ለምታስቡ፣ እኛን የመራንን የአካባቢውን ልጅ ከልብ እያመሰገንን እንጠቁማችኋለን። ስልኩን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንልካለን።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግነው ለሰዓት አያያዙ ነው። ዳገቱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስለሰጠ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ታገኘዋለች፤ ጥላ የሚያርፍበት ከሰዓት በኋላ ነው። «ጠዋት ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ሁለት ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው የዳገቱ ወገብ ሳይደርስ ይዝላል። እሱ ግን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት በባትሪ አስነስቶ፣ ግራርና ቁልቋል የሞላውን ታችኛውን ክፍል ሙቀቱ ሳይበረታ ያሻግራል።

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ መያዙን ሳያይ አይንቀሳቀስም። ከሦስቱ በአንዱ ሊትር ውስጥ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (ፈሳሽና ጨው መተኪያ ዱቄት) ያስበጠብጣል፤ ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ፣ ውሃ ብቻ መጋት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ጥማት ሳይጠበቅ በየሃያ ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ። ስንቅ ቆሎ ወይም በሶ ይበቃል፤ በሶውን ግን በጥብጣችሁ ያዙ፣ ደረቁ ጉሮሮ ያንቃል።

አረማመዱንም ያስተምራል። ልቅ ጠጠር ላይ በጣት መቆንጠጥ ያንሸራትታል፣ ባትንም ያሳምማል፤ ሙሉ ውስጥ እግር አሳርፎ፣ እርምጃ አሳጥሮ፣ ቀጥ ያለውን ቦታ በዚግዛግ መውጣት ነው። ሶሉ ስስ ጫማ የግራር እሾህ ያስገባል። ጭነት የያዘ በቅሎ ሲመጣ ደግሞ ሁልጊዜ በተራራው በኩል ቁሙ፤ በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ጭነቱ ገፍቶ ይጥለዋል። መንገዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብ (ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ) የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ሸዋ ነገሥታት የወጡበት አቅጣጫ ነውና የጭነት ከብት ዛሬም አይጠፋም።

አንድ ሰው ንግግሩ ከተወላገደ፣ ከተደናበረ ወይም ቆዳው እየጋለ ላቡ ከቆመ፣ መሪያችን ጥላ ሥር አስተኝቶ ራሱን፣ አንገቱንና ብብቱን በውሃ ያረጥብለታል፤ ጉዞውንም እዚያው አቋርጦ ወደ ሐኪም ይመልሳል። ጫፉ ቀርቧል ብላችሁ ብትለምኑት አይሰማም። እኛ የምንተማመንበት በዚህ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ አይወጣም። ቆላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በደረቁ ወንዝ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ይመረጣል።

አንኮበር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በላብ የራሰ ልብስ እዚያ ያንቀጠቅጣል፤ ደረቅ ካናቴራና ሹራብ ያዙ። መውረዱ ጉልበት ስለሚጎዳ ተመልሳችሁ አትውረዱ፤ ወደ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በመኪና ሂዱ። ዋጋውን ሳትነሱ ተነጋገሩ፣ ዕቃ መጫኛ በቅሎ ካስፈለጋችሁም ቀደም ብላችሁ ንገሩት።

ወንድማችን፣ እግዜር ይስጥልን።